የግንቦት ዘጠኝ ቀጠሮ

መጋቢት 18 ቀን
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከልብስ ስፌት ቤቴ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

"ሰላምታሽ ከወሬሽ ይረዝማል" እያልክ ስለምትስቅብኝ ዛሬ ሰላምታውን በአንድ መስመር ቋጭቼዋለሁ፦ ሁላችንም ደህና ነን፣ አንተም ደህና ሁንልን። አሁን ወሬውን ስማ። ድንቡሼ ዝንብ ያዘች። አቤት፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እንዴት እንደጓጓሁ!

ምን ትቀባጥራለች እንዳትል፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን ወሬው ወደ ዓይን ሊጠጋ ሲል ይሸትሃል መሰለኝ፣ አንዴ "ስቱዲዮ እየገባሁ ነው" አልከኝ፣ አንዴ ደግሞ "መስመሩ ይቆራረጣል" ብለህ ዘጋህብኝ። በማግስቱ ጠዋት በሬዲዮ ዜና ስታነብ ድምፅህ ኩልል ብሎ መጣ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ፤ ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ስፌት ቤቱን ቆልፌ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ወደ ጥግ ገፍቼ ነው የምጽፍልህ። አንዲት ደንበኛ መጥታ መስኮቱን ብታንኳኳ በእጄ ምልክት አሰናበትኳት። ቀሚሷ እስከ ሰኞ አይሸሽም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጄን ድንቡሼን የምታውቃት በፎቶ ብቻ ነው። እስቲ ባለፉት ሁለት ዓመታት የላክሁልህን ፎቶዎች አውጥተህ እያቸው። በአንዱ ተኝታለች፣ በአንዱ ጎኗን ሰጥታ ፊኛ ትነፋለች፣ በአንዱ ስትስቅ ዓይኗ ጭፍን ብሏል። ሆን ብዬ ነው። አራት ዓመቷ ላይ ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ መሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ ሲደክማት ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን እዚያው ቤቱን ሠራ። ላንተ አልነገርኩህም፣ ለማንም አልነገርኩም። እኛ ቤት ስለ ዓይን አይወራም፤ ይህን ከኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። እማዬ ጸጉርህን በግራ በኩል ወደ ግንባርህ እያወረደች ስታበጥርህ ለምን እንደሆነ ተናግራ ታውቃለች? እኔም ጠይቄ አላውቅም። እንዲሁ ያንተ አበጣጠር ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ጎረቤቱ ሁሉ "ሕፃን ናት፣ ስታድግ ይተዋታል" ይለኝ ነበር። ልሰማው የፈለግኩት መልስ ስለሆነ እሱኑ ያዝኩ። ያነቃችኝ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ ናት። አንድ ቀን ልጄን ልወስድ ስሄድ ወደ ጥግ ጠራችኝና፣ ልጅሽ ውኃ ስትቀዳ ከኩባያው ጎን ነው የምታፈሰው፣ ደረጃ ስትወርድም የመጨረሻው እርከን ላይ ሁልጊዜ ትሰናከላለች፣ ባለጌ ሆና አይደለም፣ እባክሽ ዓይኗን አሳዪልኝ አለችኝ። ከኩባያው ጎን ስትለኝ አንተ ትዝ አልከኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የልጆች ዓይን የምታየው ዶክተር ጸጉሯ የነጣ፣ ቀጭን፣ ንግግሯ እንደ ስፌት መኪናዬ የሚንጣጣ ሴት ናት። የእጅ ባትሪዋ ጫፍ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ድብ ሰክታበታለች። ልጆቹ ድቡን ሲያዩ እሷ ዓይናቸውን ታያለች። የልጄን አንድ ዓይን ሸፈነች፣ ገለጠች፣ ሌላውን ሸፈነች፣ ገለጠች፤ ድንቡሼም ድብብቆሽ መስሏት ትንከተከታለች። ከዚያ ዶክተሯ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ በቤተሰባችሁ እንዲህ ዓይነት ዓይን ያለው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"የለም" አልኳት።

ወንድም ጋሼ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ሳላስብ። ልክ የሠርጌ ዕለት "ትንሽ ወደዚያ ዞር በልልኝ" እንዳልኩህ፤ ያኔ ፎቶ አንሺው እንኳ ምንም አላለም ነበር፣ ከኔ ከራሴ ነው የወጣው። አንተም ዞር አልክልኝ፣ ፎቶው ተነሣ፣ ምሳው ሳይቀርብ ሄድክ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት። ልጄ ያንን ሳሎን የሰቀልኩትን ፎቶ እያየች ነው ያደገችው፣ አጎቷ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰው ይመስላታል።

ዶክተሯ ያስረዳችኝን በአንድ ትንፋሽ ነው የምነግርህ፣ ተከተለኝ። ለካስ ዓይን ብቻውን አያይም። ሁለቱ ዓይኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምስል ይልካሉ፣ አንጎል ሁለቱን ገጥሞ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ቅርቡንና ሩቁን አጥርተን የምንለየው በዚያ ነው። አንዱ ዓይን ሲዞር ምስሎቹ አይገጥሙም። የልጅ አንጎል ደግሞ ብልጥ ነው፤ ሁለት እናት፣ ሁለት ኩባያ እያየ ከሚደናገር አንደኛውን ምስል ይጥለዋል። ሲጥለው፣ ሲጥለው፣ ያ ዓይን ሥራ ፈትቶ ይሰንፋል። "ስለዚህ የምናክመው ዓይኑን ብቻ አይደለም፣ ከጀርባው ያለውን ጭምር ነው" አለችኝ። እሷ ተማሪ በነበረችበት ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ዓይኑን ስለማቃናት ነበር አሉ፤ አሁን ሁለቱ ዓይኖች አብረው እንዲሠሩ ማለማመድ እንደሚቻል በየዓመቱ አዲስ ነገር እየተጠና ነው።

ገባህ? ሻይ ከብርጭቆው ጎን ስትቀዳ፣ የተወረወረልህ ኳስ እጅህ ላይ ማረፉን ትቶ ፊትህ ላይ ሲያርፍ፣ ቤቱ ሁሉ "ቀልበ ቢስ" ይልህ አልነበር? እኔስ ገና አፌን በቅጡ ሳልፈታ "ቀልበ ቢስ፣ ቀልበ ቢስ" እያልኩ እከተልህ አልነበር? ቀልብህማ ከሁላችንም የበለጠ ነበር። ብርጭቆው የት ጋ እንዳለ የሚነግርህ ነው ያጣኸው። ይህ ሲገባኝ አውቶቡስ ውስጥ ነበርን፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ድንቡሼ ቀና ብላ አየችኝና፣ አንቺን መርፌ ወጉሽ እንዴ አለችኝ።

አሁን ደግሞ የሠራሁትን ጉድ ስማና ሳቅብኝ። ዶክተሯ መነጽር አዘዘችላት። ትንሽ ከለመደችው በኋላ ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት አንደኛው ዓይን ይሸፈን አለች። ድሮ ቀኑን ሙሉ ነበር የሚሸፈነው፤ ተጠንቶ ለብዙ ልጆች ሁለት ሰዓት እንደሚበቃ ታውቋል። መሸፈኛውን ራሴ ሰፋሁላት፣ ከተረፈኝ የከፋይ ጨርቅ ቁራጭ፣ ቢራቢሮ ጠልፌበት፣ መነጽሩ ላይ እንዲጠለቅ አድርጌ። ልጄም ወደደችው። አታወልቅም፣ አታለቅስም፣ እንዲያውም ሦስት ሰዓት ላድርገው ትላለች። አሥራ ስምንት ቀን እንዲህ ከረምንና ደረቴን ነፍቼ ለቀጠሮው ሄድኩ።

ዶክተሯ ግን ጠረጠረች። ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን በጩኸት ያፈርሱታል ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ልጄ እንደ መልአክ ሆነች እያልኩ እፎክራለሁ። እስቲ ቤት እንደምታደርጊላት አድርጊ አለችኝ። አጠለቅኩላት። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ አየችንና "ይሄ እኮ የዞረው ዓይን ነው" አለች።

የሚሸፈነው ደህናው ነው እንጂ፣ የሰነፈው ተገዶ እንዲሠራ! ነግራኝ ነበር። ነርሷም ካርዱ ላይ ጽፋልኛለች፣ አንብቤዋለሁ። ግን ቤት ስገባ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ዞረው ዓይን ሄደ። እኛ ቤት የሚሸፈነው የዞረ ዓይን ነው፣ ሌላ አናውቅም። ልጄስ ለምን ታልቅስ፣ በደህናው ዓይኗ እያየች፣ በቢራቢሮ አጊጣ። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። ይህን ስሕተት ሌላ እናትም ሠርታው ታውቃለች ወይ ስላት፣ አንዳንድ ሰው ለአንድ ቀን ይሳሳታል፣ በከፋይና በጥልፍ ሲሆን ግን የመጀመሪያሽ ነሽ አለችኝ።

ደህናው ዓይን የተሸፈነ ዕለት ጉድ ፈላ። መልአኳ ልጄ ቢራቢሮውን ሁለት ጊዜ በመስኮት ወረወረችው። እማዬ ጋ ሮጣ ሄዳ "እናቴ ልታሳውረኝ ነው" ብላ ከሰሰችኝ። እኔም በጠዋት የሁለት ሰዓቱን ትግል እየታገልኩ ሥራዬን ከሰዓት አደረግኩት። ከዚያ ዶክተሯ ታብሌት ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ሰጠችን፤ በአንድ በኩል ቀይ፣ በሌላ በኩል አረንጓዴ መስታወት ያለው መነጽር ያደርጋሉ። ዓሣው ለአንደኛው ዓይን ብቻ ይታያል፣ መረቡ ለሌላኛው። ሁለቱ ዓይኖች ካልተባበሩ ዓሣው አይያዝም። ገና አዲስ ነገር ነው፣ መሸፈኛውን ይተካል ብዬ አልምልልሽም፣ ግን ያግዛት ይሆናል አለችኝ። ድንቡሼን አገዛት። ባለቤቴንማ ሱስ አስያዘው። ከአውቶቡሱ ወርዶ ቤት እንደገባ፣ ያ ግዙፍ ሾፌር፣ የልጁን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ ዓሣ ሲያጠምድ ያዝኩት።

ለአምስት ወር እንዲህ ታገልን። የሰነፈው ዓይን ግድግዳው ላይ ካሉት ፊደሎች ሦስተኛውን ረድፍ ማንበብ ያቅተው የነበረው፣ ስድስተኛው ላይ ደረሰ። ማየቱን አየ፤ ቦታው ግን አልተመለሰም፣ በመነጽሩም ቢሆን ወደ ውስጥ እንደዞረ ነው። ዶክተሯም ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል አለች።

ባለቤቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ዓይኗን አውጥተው፣ ጠግነው፣ መልሰው ሊከቱት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ስንነግራት ዶክተሯ ከልቧ ሳቀች። ዓይን ከቦታው ንቅንቅ አይልም አለች። እያንዳንዱን ዓይን ስድስት ትንንሽ ጡንቻዎች ይዘውታል፤ በጣም የሳበውን ጡንቻ ማላላት፣ የላላውን ማሳጠር ነው ሥራው። ታዲያ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም እንዴ አልኳት፣ በአንድ በኩል ማጥበብ፣ በሌላው መልቀቅ? ልክ ነሽ፣ እኔ ግን ተሳስቼ ብቆርጥ ሌላ ጨርቅ የለኝም አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "የሥራ ባልደረባዬ" ነው የምትለኝ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ገባች። አንድ ሰዓት አልሞላም። እኔ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የወለሉን ንጣፍ ስቆጥር፣ ባለቤቴ መኪናውን በደንብ አላቆምኩትም ብሎ ሦስት ጊዜ ወጣ። መኪና ይዘን አልመጣንም ነበር። ስትወጣ ዓይኗ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ ከማደንዘዣው እንደነቃች ያለችው ነገር ቢኖር ራበኝ ነው። መቅላቱ ቀስ እያለ ሄደ። አንድ ጠዋት ሸሚዟን ስቆልፍላት ቀና ብላ አየችኝ። በሁለቱም ዓይኖቿ ነው ያየችኝ፣ ቀጥ አድርጋ። ቁልፉን ትቼ ቁጭ አልኩ።

ግን ቀጥ ማለቱ ብቻውን በቂ አይደለም፣ አስታውስ፤ ዋናው ሁለቱ አብረው መሥራታቸው ነው። እሱን የሚያሳየው ዝንቧ ናት። ዶክተሯ ጋ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ፣ ገጹን ሙሉ የሞላ የትልቅ ዝንብ ፎቶ ያለበት። ጠቆር ያለ ልዩ መነጽር አድርገህ ነው የምታየው። ሁለቱ ዓይኖች ከተባበሩ ዝንቧ ከወረቀቱ ላይ ተነሥታ፣ ክንፏን ዘርግታ፣ አየር ላይ ቆማ ትታያለች። ካልተባበሩ ሥዕል ናት፣ በቃ። ያኔ በመጀመሪያው ቀን "ክንፏን ያዢ" ስትባል ድንቡሼ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ለጥፋ ፈትጋ ፈትጋ፣ አይነሣም ብላ ትታዋለች።

ከትናንት ወዲያ ሐሙስ እንደገና መጽሐፉ ተከፈተ። መነጽሩን አደረገች። ክንፏን ያዢ ተባለች። ትንሿ እጇ ሄደች፣ ሄደች፣ ወረቀቱ ጋ ሳትደርስ አየር ላይ ቆመች። ሁለት ጣቶቿን ምንም በሌለበት ቦታ ላይ በጥንቃቄ ገጠመቻቸው። ከዚያ ድንገት እጇን ሰብስባ ወደኋላ አለችና "እማ፣ እውነተኛ ናት" አለችኝ።

ዶክተሯ ከወንበሯ ተነሥታ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠቻት። እኔ ነርሷን አቅፌ ሳምኳት፤ ምን አድርጋ እንደሆነ አላውቅም፣ አጠገቤ የነበረችው እሷ ናት። ወንድም ጋሼ፣ ቤት ስንገባ ልጄ ለአባቷ ውኃ ቀዳችለት። ኩባያው ውስጥ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። የኛ ሾፌር ኩባያውን ይዞ ሳይጠጣው ቆየ።

ግን ከሐኪም ቤቱ ሳንወጣ የሆነ ነገር አለ፣ ደብዳቤውም ለሱ ነው። ዶክተሯን እኔም ልሞክረው ብዬ ለመንኳትና መነጽሩን አደረግኩ። ዝንቧ ብድግ አለች። እንዴት እንደምታስፈራ! እየሳቅኩ ሳለሁ አንድ ነገር መጣብኝ፤ አንተ ይህን አይተህ አታውቅም። እጅህን ይዤ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ መንገድ ስታሻግረኝ፣ እሽኮኮ አድርገህ ስታስቀኝ፣ ዓለም ላንተ ጠፍጣፋ ወረቀት ነበረች። መነጽሩን አወለቅኩና "ዶክተር፣ ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። "ቤተሰባችን ውስጥ አለ። ወንድሜ ነው።"

ካርዱን ወደ ጎን አድርጋ ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ። አርባ አንድ አልኳት። ለምን ይዘሽው አልመጣሽም ስትለኝ፣ ጊዜው አልፎበታላ፣ ይሄ እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ካልተያዘ አይሆንም አይደል እንዴ አልኳት። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናውቀው፤ አንተም የምታውቀው ይህንኑ ነው። ዶክተሯ እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦

"ይሄ የድሮ አባባል ነው፤ እኛም እንል ነበር፣ ተሳስተናል። ልጅ ሲሆን ይሻላል፣ እውነት ነው። ትልቅ ሰው ግን አይታከምም የሚባል ነገር የለም። አምጪው።"

ከዚያማ ማን ያስቁማት። በአርባም በስልሳም ዕድሜ ያቀናቻቸው ሰዎች አሉ። የሰነፈው ዓይን ማየቱ እንደ ልጅ ይመለሳል ብላ አልዋሸችኝም፤ ላይመለስ ይችላል፣ ለጥቂት ጊዜ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየውም አለ፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ በደንብ የሚመረመረው። ግን ዓይኑ ይቃናል፤ ብዙዎቹ ጎንና ጎናቸውን ሰፋ አድርገው ማየት ይጀምራሉ፣ እነሱም ሐኪሙም ሳይጠብቁት ዝንቧ የተነሣችላቸው አሉ። ደግሞ ይህን ስማ፣ እኔን ያሳበደኝ ይሄ ነው። ለትልቅ ሰው ጡንቻው የተሰፋበትን ክር ወዲያው አይቋጩትም። በላላ ቋጠሮ ያዝ አድርገው ይተውታል፣ ሰውየው ሲነቃ ቁጭ አድርገው እያዩት ትንሽ ይስባሉ ወይ ይለቃሉ፣ ልክ ሲመጣ ያኔ ይቋጫል። አልብሶ ማየት ማለት እኮ ነው! እኔ በስንት ሙሽራ ላይ ያደረግኩት! ዶክተሯን ይህን ማን አስተማራችሁ፣ ልብስ ሰፊ መሆን አለበት አልኳት።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ወንድምሽ ከተወለደ ጀምሮ ነው ወይስ ኋላ የመጣ ነው አለች፤ ለጥቂት ዓመት እንኳ ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሠርተው ከነበር ተስፋው ይበልጣል። አላውቅም አልኳት። ሠላሳ ስድስት ዓመት እህትህ ሆኜ፣ አላውቅም።

ስለዚህ ልጄን ለአባቷ ሰጥቼ በቀጥታ እማዬ ጋ ሄድኩ። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ስጠይቃት ምን ያስቆፍርሻል አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩና አብሬያት መላጥ ጀመርኩ። ሽንኩርቱ ሊያልቅ ሲል፣ እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ ዓይኑ እንደ ሰው ቀጥ ያለ ነበር አለች። ከዚያ መዞር ጀመረ። አራት ዓመት አልፎህ ወደ አምስት ስትጠጋ ከሩቅ የመጡ የልጆች ዓይን ሐኪም ለሦስት ቀን ብቻ ይሠራሉ ተባለ፣ ተሰልፋ ቀጠሮ አወጣችልህ፣ ለመጨረሻው ቀን። አዲስ ጫማ ገዛችልህ። ቢላዋውን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

"ጫማውን አስሬለት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔ ነጠላዬን ላነሣ ጎንበስ ስል ምጡ ያዘኝ። አንቺ መጣሽ። እስኪመሽ ድረስ ጫማውን አላወልቅም አለ። አንቺን ሳሳየው ደስ አለውና ሳመሽ፣ ከዚያ 'ነገ እንሄዳለን?' አለኝ። አዎ አልኩት።"

በነጋታው ሐኪሙ ሄደዋል። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ የምታመም ሕፃን ነበርኩ አሉ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆንህ ሌላ ቦታ ብትወስድህ፣ ጊዜው አልፎበታል ብለው መለሷት። ከዚያ በኋላ ያንን ዓይንህን ባየች ቁጥር የምታየው የታሰረ ጫማህን ነው፤ ለዚህ ነው ጸጉርህን ታወርድልህ የነበረው። በዓይንህ አፍራ አይደለም ወንድም ጋሼ። በራሷ አፍራ ነው። አንድ ቀን ልትነግርህ ፈልጋ ሁልጊዜ አፏ ላይ ሲደርስ ይመለስባታል። እኔ እንድነግርህ ፈቀደችልኝ፣ እያለቀሰች።

አንተ ግን ታስታውሳለህ አይደል? አምስት ዓመት የሚጠጋው ልጅ ይህን አይረሳም። ሳስበው ዋልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ባንቺ ምክንያት አላልከኝም። ቁንጫ እያልክ ተሸክመህ አሳደግከኝ። ስቀብጥ ቻልከኝ፣ ቀልበ ቢስ ስልህ ሳቅክ፣ ዞር በል ስልህ ዞር አልክልኝ። ከሄድክ በኋላ እንኳ በየዓመቱ ግንቦት 9 ጠዋት፣ ዜናውን አንብበህ እንደወጣህ፣ ሳትረሳ "እንኳን ተወለድሽ" ብለህ ትደውልልኛለህ። እንኳን ተወለድሽ! እንዴት አስቻለህ?

ይቅርታህን እለምናለሁ ወንድም ጋሼ። ለሠርጉ ፎቶ፣ ለዶክተሯ ለነገርኳት ውሸት። ስለ መወለዴ ይቅርታ ብልህ እንደምትቆጣኝ ስለማውቅ እሱን አልልም። ፎቶውን ግን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ፤ ቦታው ባዶ ነው፣ ሌላ እስክንነሣ እንዲሁ ይቆያል።

ትናንት ጠዋት ስፌት ቤቱን ሳልከፍት ካርድ ክፍል ሄድኩ። አንድ ትልቅ ሰው ማስመርመር እፈልጋለሁ አልኩ። የታካሚው ስም ተባልኩ፣ ስምህን ከነአባትህ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ እስኪዞር። አንዷ፣ ዜና አንባቢው ነው እንዴ አለች። አዎ፣ ወንድሜ ነው አልኳት። ጸሐፊው መዝገቡን እያገላበጠ ግንቦት ውስጥ የትኛው ቀን ይመቻችኋል አለኝ። ዘጠኝ ክፍት ነው ወይ አልኩት። ነው አለኝ። አስያዝኩልህ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከዶክተሯ ጋር።

የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ያን ቀን ምርመራ ብቻ ነው። ኦፕሬሽኑን አልፈልግም ካልክም መብትህ ነው፣ ዓይንህን እንዳለ ይዘህ ና፣ ማንም ዞር በል አይልህም። የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ ባለቤቴ ግማሽ መንገድ ድረስ መጥቼ እቀበለዋለሁ ብሏል። ድንቡሼ አጎቷ ሁለት ዓይን እንዳለው ነግሬያት አላመነችኝም፣ ራሷ ቆጥራ ልታረጋግጥ ነው። እማዬ "መንገዱን አልጋ በአልጋ ያድርግልህ፣ ደጄን ስትረግጥ ለማየት ያብቃኝ" ብላሃለች፤ እኔም በላዩ ላይ አሜን ብያለሁ።

የተወለድኩ ዕለት ቀጠሮህን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ፣ ይኸው መለስኩልህ። ዘንድሮ ግንቦት 9 አትደውልልኝ። ና።

እህትህ
ቁንጫ